ሦስት ሰዓት ያልኩት ሰው

ይሄ የሆነ ነገር ነው። ማመን ያቃታችሁ እዚሁ ጋ ዝጉት፤ አልለምናችሁም።

የዚህን ቻናል ታሪኮች ሁሉ አነባለሁ። ሁሉም ሌሊት ነው። ሁሉም መቃብር... ሁሉም ነጭ የለበሰች ሴት። ኤጭ! የኔ የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። እሁድ ጠዋት፣ ቶሮንቶ፣ ኢቶቢኮ ውስጥ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ባለችው ጋራዤ። ሰዓቱ በአበሻ ሦስት፣ በፈረንጅ ዘጠኝ።

ይቺን የሰዓት ነገር ያዙልኝ።

ተክሉ እባላለሁ። ሥራዬ የመኪና ኮምፒውተር ነው። አንድ ሰው የመኪናውን ሞተር አውጥቶ የሌላ መኪና ሞተር ሲያስገባ፣ የድሮው ኮምፒውተር አዲሱን ሞተር አያውቀውም። ሌላ ኮምፒውተር ገዝቶ እኔ ጋ ይመጣል። እኔ እገጥምለታለሁ። ስንት ነዳጅ፣ ስንት አየር፣ እሳቱ መቼ የሚለውን በላፕቶፕ እየጻፍኩ አስተካክልለታለሁ።

ደንበኞቼን አልወዳቸውም። ምን ልደብቅ? ሁለት ቪዲዮ አይቶ መካኒክ የሆነ ሁሉ መጥቶ ሊያስተምረኝ ይሞክራል። «መኪናዬ ድምፅ ታሰማለች።» ታዲያ ምን ታሰማህ፣ መዝሙር?

የዛን ቀን የመጣው ብሩኬ ነው። እዚሁ ቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን ተወልዶ ያደገ የሃያ አራት ዓመት ልጅ። አማርኛው ያሳዝናል። አባቱ ሲያርፉ የተዉለትን አሮጌ ኮሮላ፣ ከስክራፕ ያርድ፣ የተጋጨ መኪና ተፈታትቶ ከሚሸጥበት፣ በገዛው ሞተር ሊያስነሳት ፈልጎ ሳምንቱን ሙሉ እኔ ጋ አቁሟታል። ሽቦውን ዘርግቼ ጨርሻለሁ። የቀረው ኮምፒውተሩን መሰካትና ማስተካከል ብቻ።

የቸኮለው ለእናቱ ነው። እትዬ እታገኝ በዛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ከአዲስ አበባ ይገባሉ። ከኤርፖርት በባላቸው መኪና ሊቀበላቸው። በሃይዌይ።

እኔ የምከፍተው ከምሳ በኋላ ነው። ለሱ ስል በጠዋት መጣሁ፤ ስነጫነጭ።

ብሩኬ ገና ከመግባቱ፣

«ተክሉ፣ ውጪ አንድ ሰውዬ አለች» አለኝ።

«አለ በል። ሰውዬ አለ።»

«ኦኬ፣ አለ። ሦስት ሰዓት ብሎኛል አለ።»

ሳቄ መጣ። «አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

ስልኩን አየ። «ናይን።»

«በቃ። ሦስት ሰዓት የተባለ ሰው በሦስት ሰዓት ይምጣ። በዘጠኝ ሰዓት ምን ያንቀዠቅዠዋል?»

ማን እንደሆነ እንኳ ወጥቼ አላየሁም።

ኮምፒውተሩ አዲስ ነው። ካርቶኑን እዛው ብሩኬ ፊት ቀድጄ አወጣሁት። ሰካሁት፣ የመኪናዋን ቁልፍ አዞርኩ። ሞተሩ የሚናገረው ሁሉ ላፕቶፑ ላይ ይመጣል። ሙቀቱ፣ አየሩ፣ ነዳጅ መስጫው ስንት እንደተረገጠ፣ ፍሬን መያዝ አለመያዙ። ከላይ ደግሞ ሰዓት።

3:06 ይላል።

አስተካከልኩት። 9:06።

ገመድ አጥብቄ ዞር ስል...

3:07።

«ርካሽ ዕቃ!» አልኩ። ድጋሚ አስተካከልኩት። ድጋሚ ተመለሰ። ተውኩት። ሰዓት ሞተር አያንቀሳቅስም።

ከባዶ መጻፍ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ላፕቶፔ ውስጥ ለእንደዚህ ዓይነት ሞተር የጻፍኩት የድሮ ፋይል ነበረኝ። ስሙ «ሪድዋን» ይላል። እሱን ገለበጥኩበት።

ሪድዋን ማን ነው?

የዛሬ ሁለት ዓመት የመጣ ደንበኛዬ ነው። እዚሁ ከተማ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባል ሰፈር ይኖር ነበር። ከአገር ከመጣ ዓመት ያልሞላው ባለትዳር ልጅ። እሱም ሞተር አስቀይሮ ነበር፤ ያስተካከልኩለት እኔ ነኝ። በሳምንቱ ደወለልኝ።

«ወንድሜ ተክሉ፣ እግሬን አንስቼም ትሄዳለች።»

«እግርህን አላነሳህማ!»

«ወላሂ አንስቻለሁ።»

«እሺ፣ ነገ ሦስት ሰዓት አምጣት» ብዬ ዘጋሁበት። ከዛ ድምፁን እያስመሰልኩ ጓደኞቼን አሳቅኩበት።

በማግስቱ ጠበቅኩት። ቀረ።

ኋላ ሰማሁ። ሃይዌይ ላይ ከጭነት መኪና ሥር ገብቶ ሞቷል። ጠዋት፣ 9:52 ላይ። ቀጠሮዬን ረስቶ ሽርሽር ሄዷል አልኩ በሆዴ።

ሚስቱ ሀፍሳ ደወለች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ቀጥረኸው ነበር?»

«ቀጥሬው ነበር፤ ቀረ። ደግሞ ይፈጥን ነበር መሰለኝ።»

ምንም ሳትል ዘጋች። ቀብሩ ላይም አልተገኘሁም። ሥራ ነበረኝ።

እንግዲህ ያ ፋይል ነው። ስገለብጠው ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ? «ለሞተ ሰው ምን ይሠራለታል» ነው ያልኩት።

አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ ኮምፒውተሮች ጥበቃ አላቸው። እግርህ ከነዳጅ መስጫው ተነስቶ የሞተሩ አየር በር ካልተዘጋ፣ ሞተሩን ራሳቸው ይገቱታል። እኔ ግን በሆነ ባልሆነው መብራት ሲያበራ ስለሚያናድደኝ አጠፋዋለሁ። የፈሪ ነገር እያልኩ። የሪድዋን ፋይል ውስጥም አጥፍቼዋለሁ።

ብሩኬ ቡናውን ይዞ በሩ ጋ ቆሟል። እኔ ጠረጴዛዬ ጋ። መኪናዋ ውስጥ ማንም የለም።

ላፕቶፑ ላይ ነዳጅ መስጫው ዜሮ ማለት አለበት። ቁጥሩ ግን ይዘላል።

3...

0...

7...

0...

ሰው መጠበቅ ሲሰለቸው እግሩን መታ መታ እንደሚያደርገው።

«ሽቦ ነው» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም።

ከመኪናዋ ጀርባ ያለው ግድግዳ ቀላ። የፍሬን መብራት።

«ተክሉ...» አለ ብሩኬ በሹክሹክታ። «ማነው ፍሬን የያዘው?»

«ሽቦ ነው! የአባትህ የሠላሳ ዓመት ሽቦ!»

ጠፋ።

ልጁ ቡናውን አስቀመጠ። «ሌላ ቀን እናድርገው?»

«ምነው፣ ጂኒ አየህ? ግባና አስነሳት!»

አስነሳት። በአንዴ። እንዲህ ያለ ሞተር በመጀመሪያው ቁልፍ ተነስቶ አያውቅም፤ ያስላል፣ ይጠፋል፣ ያስለምናል። ይሄ ግን ቀጥ ብሎ ተነሳ። ጎበዝ ነኝ ብዬ ኮራሁ። ትንሽ እዚህ ነዳጅ ቀነስኩ፣ ትንሽ እዚያ ጨመርኩ። መንገድ ላይ ልንፈትናት ወጣን። ብሩኬ ይነዳል፣ እኔ አጠገቡ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ።

በሩ ጋ ማንም አልነበረም።

«ሰውዬው ሄደ» አለ ብሩኬ።

«ይሂድ።»

እሁድ ስለሆነ የመጋዘኖቹ መንገድ ባዶ ነው። «ነዳጅ ስጣት» አልኩት። ሰጣት። ሞተሩ አጓራ። ሰማንያ... ዘጠና... ልጁ መሳቅ ጀመረ። አባቱን እያሰበ መሰለኝ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ከፊት ለፊት አንድ ኮንቴይነር የጫነ መኪና ከመጋዘን እየወጣ መንገዱን ዘጋው።

«በቃ፣ እግርህን አንሳ» አልኩ።

አልቀነሰችም።

«እግርህን አንሳ!»

«አንስቻለሁ!»

«አላነሳህም!»

«አይ ስዌር ተክሉ፣ አንስቻለሁ!»

ላፕቶፑን አየሁ። ነዳጅ መስጫ፣ ዜሮ። የአየር በር፣ ስድሳ አራት በመቶ ክፍት።

እግሩን አንስቷል። ሞተሩ ግን ይስባል።

ይሄን ንግግር ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ።

ኮንቴይነሩ ግራና ቀኙን ሞላው። እጄ ወደ ቁልፉ መሄድ እምቢ አለኝ። አፌ ብቻ «ወይኔ ወይኔ» ይላል። አዎ፣ እኔ። የፈሪ ነገር የምለው ሰውዬ።

ከዚያ መኪናዋ አፍንጫዋን ደፍታ ቆመች።

ጎማው ጮኸ፣ ቀበቶው ደረቴን ሰነጠቀኝ። ከኮንቴይነሩ የአንድ ሰው ቁመት ያህል ነው የቀረን። ሞተሩ አሁንም ያጓራል። ያኔ ነው እጄ የታዘዘልኝ፤ ቁልፉን መለስኩት።

ዝም አለ።

«ተባረክ» አልኩት ብሩኬን። በሕይወቴ ደንበኛ መርቄ አላውቅም። «እንኳን ፍሬን ያዝክ።»

«እኔ?» ፊቱ አመድ መስሏል። «እኔ አልያዝኩም። አንተ አይደለህም?»

እኔ በምን እግሬ?

ወደ ታች አየሁ። ልጁ ደንግጦ ሁለቱንም እግሮቹን ወደ ወንበሩ ሰብስቧል።

የፍሬኑ ፔዳል እስከ ወለሉ ተረግጧል።

ብቻውን።

ሁለታችንም እያየነው... ቀስ... ብሎ... ወደ ላይ ተመለሰ። ሰው እግሩን ሲያነሳ እንደሚመለሰው።

ላፕቶፑ ላይ ሰዓቱ 3:52 ይላል።

ብሩኬ ወርዶ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እኔ ኮፈኑን ከፈትኩ። እስካሁን ለምን እንደከፈትኩት አላውቅም። ሳምንት ሙሉ እጄ ያልደረሰበትን ቦታ፣ ከአየር ማስገቢያው በታች ያለውን ግራሶ በእጅጌዬ ጠረግኩት።

የሠራሁት ሞተር ላይ ሁሉ በቢጫ ቀለም አንድ ፊደል እጽፋለሁ። ሌላ ሰው ነካክቶ መጥቶ እኔን እንዳይከሰኝ።

«ተ» ይላል። የራሴ እጅ ጽሕፈት። ከሥሩ ቀኑ አለ። የዛሬ ሁለት ዓመት።

የሪድዋን ሞተር ነው።

ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት... ዘጠኝ ከሃምሳ ሁለት። ስድስት ሰዓት ልዩነት።

ኮምፒውተሩ አልተበላሸም። በአበሻ ነው የሚቆጥረው።

አሥራ ስድስት ዓመት ካናዳ የኖርኩት እኔ በአማርኛ «ሦስት ሰዓት» ስል የፈረንጁን ማለቴ ነው፤ ከቀትር በኋላ። ከመጣ ዓመት ያልሞላው ልጅ ደግሞ ሦስት ሰዓት ሲባል ምን ይረዳል? እናንተስ ምን ትረዳላችሁ?

ጠዋት።

አልቀረም እኮ። መጥቷል። በተዘጋ በር ላይ ቆሞ፣ ጠብቆኝ፣ ያቺኑ መኪና ይዞ ተመልሷል። ሰዓት የማያውቀው እኔ ነበርኩ።

«ብሩኬ» አልኩ። «ያ በሩ ጋ የነበረው ሰውዬ... ምን ይመስላል?»

«ቀጭን። ግራጫ ጃኬት። አንተ ውስጥ እንዳለህ ጠየቀኝ። አለ አልኩት።»

«ከዛስ?»

«‹ዛሬስ ደረሰ› አለ።»

ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከዛ በሕይወቴ ብዬው የማላውቀውን አልኩ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ጥበቃውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እናትህን ይዘህ ሃይዌይ ላይ ብትሆን ኖሮ...» ልጁ ቀና ብሎ አየኝ እንጂ አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ በተሻለኝ ነበር። ታክሲ ጠርቶ እናቱን ሊቀበል ሄደ።

የዛኑ ቀን ለሀፍሳ ደወልኩ። ቁጥሯን አልቀየረችም።

«ሀፍሳ፣ ተክሉ ነኝ። መካኒኩ። ሪድዋን የዛን ቀን... አልቀረም። መጥቶ ነበር። የቀረሁት እኔ ነኝ። እግሬን አንስቻለሁ ሲለኝም እውነቱን ነበር።»



«አውቃለሁ» አለችኝ። «በርህ ላይ ቆሞ ደውሎልኝ ነበር። ዘግቷል፣ ትንሽ ልጠብቀው ብሎኝ።»

«ታዲያ ያኔ ቀረ ስልሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን እንደምትል ልሰማ ነበር» አለችና ዘጋች።

የብሩኬን ኮምፒውተር አጥፍቼ ከባዶ ጻፍኩለት፤ ደጋግሜ እየፈተሽኩ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ጥበቃውን አበራሁት። ሪድዋን የሚለውን ፋይል ደመሰስኩት። የድሮ ደንበኞቼንም አንድ በአንድ እየጠራሁ የሁሉንም ጥበቃ እያበራሁ ነው። «ምን ነካው?» ይባባላሉ። ይባባሉ።

አሁን የምከፍተው በጠዋት ነው። በአበሻ ሦስት ሰዓት።

ትናንት በረዶ ጥሎ ነበር። ቀድሜ ለመድረስ ብዬ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። በሩ ፊት ያለው በረዶ ድፍን ነጭ ነው። ጎማ አልነካውም፣ እግር አልነካውም። ቁልፌን ይዤ ቆምኩ።

ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን በሩ ፊት በረዶው መቅለጥ ጀመረ። መጀመሪያ አራት ቦታ ብቻ... ጎማ ጎማ የሚያክል። ከዛ መሃሉ። መኪና የምታክል ጥቁር አስፋልት እስኪወጣ ድረስ፣ እንፋሎቱ እየተነሳ።

ዙሪያው ያለው በረዶ አልተነካም። የገባ ጎማ ምልክት የለም።

በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት።

«ግባ» አልኩ። «ክፍት ነው።»