አምስት ጣት ያለው ሐይቅ

ልጆች፣ ጠጋ በሉ! ጠጋ! ይህን ወሬ ያልሰማ ጆሮ ገና ጆሮ አልሆነም።

ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረች። የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ መንደሯም ሾላ በር ይባላል።

አንድ ቀን መምህር ስንሻውና ልጆቹ በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ የጭቃ ካርታ ሠሩ። አገራችንን እንዳለች መሬት ላይ ዘረጓት!

ተራራው ጭቃ ነው፤ በረሃው አሸዋ። የዓባይ ወንዝ ሰማያዊ ክር ነው፤ የጣና ሐይቅ ደግሞ ውሃ የሞላ የጣሳ ክዳን።

ራስ ዳሸን እንዴት ያለ ረጅም ሆነ መሰላችሁ! አንድ ጉንዳን ሊወጣው ሄዶ መንገድ ላይ ስንቅ አለቀበት።

«እስኪደርቅ ድረስ ማንም እንዳይረግጠው!» አሉ መምህር ስንሻው።

«እሺ፣ መምህር!» አሉ ልጆቹ። ከሁሉም በላይ የጮኸችው ትርንጎ ናት።

ግን አንድ ነገር ከነከናት። «ሾላ በርስ? የኛ ቤትስ የታለች?»

ልጆቹ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ትርንጎ ወደኋላ ቀረች። ከኪሷ አንዲት የበቆሎ ፍሬ አወጣች። «ይቺ ቤታችን ናት» አለች።

ፍሬዋን ከዓባይ አጠገብ ልታስቀምጥ እጇን ዘረጋች። ተንጠራራች፤ ተንጠራራች፤ አሁንም ተንጠራራች...

«ጭፍልቅ!»

እግሯ አገር መሃል ገባ! የበቆሎ ፍሬዋም ጠፋች።

ትርንጎ ወደ ግራ አየች፤ ወደ ቀኝ አየች። ማንም የለም።

«ዝም በል እግሬ! ዝም በል!» አለችና ሮጠች።

ማታ ዝናብ ጣለ። «ጠብ! ጠብ! ጠብ!»

ጠዋት ልጆቹ ሲመጡ ካርታው ላይ አዲስ ሐይቅ ተኝቷል። አምስት ጣት ያለው ሐይቅ!

«መምህር፣ ይሄ ሐይቅ ማን ይባላል?»

መምህር ስንሻው መጽሐፋቸውን ገልጠው ፈለጉ፤ ፈለጉ። «እዚህስ የለም» አሉ።

ትርንጎ አንዱን እግሯን በሌላው ሸፈነች። «ዝም በል እግሬ! ዝም በል!»

«ሐይቁ የት እንዳለ አየን። ይህ ጂኦግራፊ ነው» አሉ መምህር። «እንዴት መጣ ብለን ስንጠይቅ ደግሞ ታሪክ ነው። እስቲ ንገሩኝ፤ እዚህ ማን አለፈ? መቼ?»

እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት አንድ ቀን ብቻ፣ ያውም አህያ ፍለጋ ነው። ይህ ግን ለኔም ገባኝ።

«ዝናቡ ስለሞላው ከዝናቡ በፊት ነው!» አለች አንዲት ልጅ።

«እንግዲያው ትናንት ነው! የረገጠውም ቢያዝን ነዋ! እሱ መዝለል ይወዳል!» አለ ሌላው። ሁሉም ወደ ቢያዝን ዞሩ።

«እኔ አይደለሁም» አለ ቢያዝን። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ።

የትርንጎ ፊት ጋለ። ዝንብ ብታርፍበት ተጠብሳ ትቀር ነበር!

«ዝም በል እግሬ! ዝም...»

እግሯማ ዝም ብሏል። ዝም ማለት ያቃታት ትርንጎ ናት።

«የኔ እግር ነው» አለች። ማንም አልሰማትም፤ ድምጿ ከትንኝ ድምፅ ያንስ ነበር።

«የኔ እግር ነው!» አለች እንደገና። አሁን ማዶ የሚግጥ በሬ ሳይቀር ዞሮ አያት።

«ቤታችንን ላስቀምጥ ብዬ ነው... ከዚያ አፈርኩና ሮጥኩ።» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ይቅርታ፣ ቢያዝን።»

ቢያዝን አኮረፈ። አኩርፎ አኩርፎ ሲሰለቸው፣ «አውራ ጣትሽ ግን ድንች ያህላል!» አለ።

ሁሉም ሳቁ። ትርንጎም እያለቀሰች ሳቀች።

«በይ፣ የረገጥሽውን አንቺው ድፈኚ» አሉ መምህር ስንሻው። ትርንጎ ስትደፍን ቢያዝን እያጉረመረመ ጭቃ አቀበላት።

አውራ ጣት ተደፈነ። ተረከዝም ተደፈነ። ከጭቃው ውስጥ ምን ብቅ አለ? የበቆሎ ፍሬዋ!

«ሾላ በር ኩሬ አላት?» ብለው ጠየቁ መምህር።

«አላት፤ ትንሽዬ።»

«እንግዲያው ትንሿ ጣት አትደፈን። ኩሬ ትሁን።» ትርንጎም ቤቷን ከኩሬዋ አጠገብ በቀስታ አስቀመጠች። በጣም በቀስታ!

ሲመሽ አባቷ በሳፋ ሞቅ ያለ ውሃ አምጥቶ እግሯን ሊያጥባት ተቀመጠ። ትርንጎ ሁሉን ነገረችው።

«ይሄ ነው ሐይቅ የሠራው እግር?» አለ አባቷ።

«አባባ፣ አሁንም አፍራለሁ» ብላ እግሯን ሰበሰበች።

«ይፈር፣ ምናለ! ያፈረ እግር ነገ ጭቃ ሲያይ ቀስ ብሎ ይረግጣል» አለና እሽት እሽት አደረገላት።

ትርንጎ ንጹሕ እግሯን ብርድ ልብስ ውስጥ ከተተች። የናንተስ እግር የታለ? ክተቱት!

ከዚያም በሹክሹክታ እንዲህ አለችው፤

«ተኛ እግሬ። ተኛ።»