የማያልቀው ሞረድ

«ሞረድ አለሽ?»

ቀና ስል ልቤ ቀጥ አለች! በሩን የሞላ ረጅም ሰው፣ እስከ ጆሮው ቀልቷል። የሕንፃችን የሊፍት ጠጋኝ ነው። እኔ ጥፍር ሠሪ ነኝ፤ ሳሎናችን ወንድ ሲገባ ብርቅ ነውና ደንበኛው ሁሉ ዞሮ አየው።

«የጥፍር ሞረድ?»

«አዎ... በጣም የሚያለሰልስ።»

ከመስታወት የተሠራውን ሞረድ አወጣሁለት። «ይሄ እንደሌላው አያልቅም። ካልወደቀ ዕድሜ ልክህን ይበቃሃል።»

አመስግኖኝ ሲወጣ በሩን በትከሻው ገጨው።

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ።

«ሞረድ ፈልጌ ነበር...»

«ያኛውስ?»

«ወደቀ።»

ቀጥሎ ደግሞ «ጠፋ» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ «ሰው ወሰደብኝ።» እኔማ አንዴ እሱን እያየሁ አንዷን ደንበኛዬን በሁለት ዓይነት ቀለም ቀብቼ ሸኘኋት! ያነቃችኝ ከጎኔ የምትሠራው ፀጉር ሠሪዋ ጓደኛዬ ናት።

«አንቺ ሞኝ፣ ሞረድ ለወንድ ምን ያደርግለታል? ለሚስቱ ነው!»

ክው አልኩ። የሰው ባል ነው እንዲህ የሚያቁነጠንጠኝ? እኔ ደግሞ አንዴ ከነደድኩ መብረጃ የለኝም። ሲመጣ ፊቴን አጠቆርኩበት።

«ሚስትህ ለምን ራሷ መጥታ አትመርጥም? እኔ የአንተ ተላላኪ ነኝ?»

«ሚስት...?» አለ። ሰዉ ሁሉ እያየው አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ዝር አላለም። ሊፍቱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጆሮዬ ይቆማል። የሰው ባል ነው እያልኩም ናፈቀኝ!

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ትልቅ ቦርሳ ይዘው ገቡ።

«ሞረድ የምትሸጪው አንቺ ነሽ?»

«አዎ እማማ፤ ልስጥዎት?»

«ኧረ እኔው ላምጣልሽ እንጂ!»

ቦርሳውን ጠረጴዛዬ ላይ ገለበጡት። የመስታወት ሞረዶች ተንኳኩ... ሁሉም እንደታሸጉ! ከሥራቸው ደግሞ ሰማያዊ ጋሻ የያዘ ሮቦት ወጣ፤ ልጅ አዋቂው በቴሌቪዥን የሚከታተለው የካርቱን ጀግና። ጭንቅላት ግን የለውም።

«የልጄ ሥራ ነው» አሉ። «በካርቶን ተበታትኖ ይሸጣል። እያንዳንዷን ቁራጭ ከፕላስቲክ ፍሬሟ ላይ ቆርጦ፣ የተቆረጠችበትን በአሮጌ ሞረዱ አለስልሶ፣ ያለ ማስቲሽ ቀጭ! ቀጭ! እያደረገ ይገጣጥማል። አሁን ጭንቅላቱ ላይ ሲደርስ ተወው፤ ቁራጮቹ ይኸው ከነፍሬማቸው። ‹ምነው?› ብለው ‹ሞረድ የለኝም› አለኝ። መሳቢያውን ብከፍት ይሄ ሁሉ ሞረድ! እዚህ ቤት ምን ዓይነት ሞረድ ቢኖር ነው ብዬ ላይ መጣሁ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና ፈገግ አሉ። «አሁን አየሁት።»

«ሚ... ሚስት የለውም?»

«ሮቦቶቹን ካልቆጠርሽ የለውም!»

ሮቦቱን ታቅፌ ደረጃውን ወረድኩ... በረርኩ ማለት ይሻላል! ምድር ቤት ሊፍቱ አጠገብ ተንበርክኮ ብሎን ሲያጠብቅ አገኘሁት። ሲያየኝ መፍቻው ከእጁ ወደቀ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ይሄን የሚያህል ሰው በመጫወቻ... ትስቂብኛለሽ ብዬ።»

«ያን ሁሉ ሞረድ ስትገዛስ?»

«ታዲያ ምን ብዬ ልምጣ? ሌላ የምትሸጪው የከንፈር ቀለም ብቻ ነው!»

ሳቅኩ፤ አለቀስኩ፤ እንደገና ሳቅኩ።

«ይቅርታ... ሰው ፊት አዋረድኩህ።»

«ጭንቅላቱን በእጅሽ ካለሰለስሽልኝ ምሬሻለሁ።»

ከሥራ በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሱ ቆረጠ፣ እኔ ሞረድኩ፤ ሙያዬ አይደል? የተቆረጠበት እንኳ አልታወቀም። ከዚያ ጣቴን ያዘና አብረን ተጫንነው።

ቀጭ!

እጄን ግን አልለቀቀም።

ዛሬ ሮቦቱ ጥፍር ቀለሞቼ መሃል ቆሟል። አዲስ ደንበኛ በመጣች ቁጥር «የልጅሽ ነው?» ትለኛለች።

«ኧረ አይደለም» እላታለሁ፣ «የባሌ ነው!»