ምንቃር የሌላት ወፍ

ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ አባቷን ከጠረጴዛው ሥር ተዘርሮ አገኘችው። ራሱ ተፈንክቶ ሰውነቱ ቀዝቅዟል። ጩኸቷን ሰምቶ ከታችኛው ፎቅ የመጣው አጎቷ፣ ወንድሙን በቅጡ ሳያይ ጣቱን ቀሰረባት።

«ከእሷ በቀር ቁልፍ ያለው የለም! ሳንቲሞቹን ለመውረስ ነው!»

ሳንቲሞቹ የሟቹ ነፍስ ነበሩ። ሁሉም ወፍ የተቀረጸባቸው፣ ማተሚያው ስቶ ያጎደላቸው ናቸው፤ አንዷ ጅራት የላትም፣ አንዷ ዓይን። ለማያውቅ ሰው ግን ተራ ሽራፊ ናቸው።

የተጠራችው መርማሪ ሳንቲሞቹ በተራ ከተደረደሩበት ባለ ጨርቅ ትሪ ላይ አንዱን ሳንቲም በጠርዙ ይዛ አነሳች። ከሥሩ ጨርቁ ላይ ደም ደርቋል።

«መጀመሪያ ላይ የምትቀመጠው የትኛዋ ናት?»

«የእኔ፣ ምንቃር የሌላት» አለች ልጅቷ እንባዋን እየዋጠች። «ከዳቦ ቤት መልስ ውስጥ አግኝቼ ነው የሰጠሁት። ዛሬ ጠዋት ደስ ብሎት አናት ላይ አደረጋት። ፎቶ አንስቼ ለአጎቴ ልኬለታለሁ።»

ወዲያው ዓይኗ ትሪው ላይ አረፈና ክው አለች። ወፏ መጨረሻ ላይ ናት። ‹አለቀልኝ› አለች በልቧ፤ እውነቷ ራሱ ውሸት መሰለ።

የአባቷ የልብ ወዳጅ፣ ሰዓት ሠሪው፣ ተጠርቶ መጣ።

«እዚህ ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የመጡት መቼ ነው?» አለች መርማሪዋ።

«ከመጣሁ ሰንብቻለሁ።»

«ሳንቲሞቹን ያውቋቸዋል?»

«እኔ? ዓይኔን ጨፍኜ እደረድራቸዋለሁ!»

መርማሪዋ ሦስቱንም በትሪው ዙሪያ አቆመቻቸው።

«ደሙ ከሳንቲሞቹ ሥር ነው። ሟቹ ሲወድቅ ትሪው ተገልብጧል፤ ሳንቲሞቹ የተመለሱት ከዚያ በኋላ ነው። አጎትየው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚፈልጉ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ቢሆኑ ይደባልቋቸው ነበር። ልጅቷ ብትሆን የራሷን አናት ላይ ትመልስ ነበር፤ የጠዋቱ ፎቶ እንዲያ ነው የሚያሳየው። ሳንቲሞቹን የለቀመው ሰው ግን በድሮው ተራ ደረደራቸው። አዲሷን መጨረሻ ጣላት፣ ዓይን የሌላትን ወደ መጀመሪያ መለሳት። ዓይን የሌላትን ማን ነው የሰጠው?»

«ጋሼ» አለች ልጅቷ ወደ ሰዓት ሠሪው ዞራ ቀስ ብላ።

ሰዓት ሠሪው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«በር የከፈተልኝ ራሱ ነው። እየሳቀ አሳየኝ… የእኔን አውርዷታል! ዕድሜ ልኳን አናት ላይ የኖረችውን፣ ለዳቦ ቤት መልስ ብሎ! ገፋ አደረግሁት እንጂ ልገድለው አልነበረም። ሳንቲሞቹን መሬት ላይ ትቼ መሄድ ግን አቃተኝ።»

አጎቷ አንገቱን ደፋ። ልጅቷ ነፃ መውጣቷ ትዝም አላላት፤ ተንበርክካ የሰዓት ሠሪውን እጅጌ ጨመደደች።

«ጋሼ፣ ለምን አልነገርከኝም? እኔ እኮ የእኔን አነሳልህ ነበር።»