የእትዬ ዘይነባ ፓስዎርድ

አስቀድሜ ልንገርህ፣ እኔ በጅኒም በቆሌም የማምን ሰው አይደለሁም፣ እንዲያውም ሰፈር ውስጥ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ሻዬን ሳልጨርስ የምነሳ፣ «ኬብሉን አይታችሁታል ወይ?» እያልኩ የማሾፍ፣ እናቴ «ይመር፣ አንድ ቀን ያሳይሃል» እያለች የምትዝትብኝ ሰው ነኝ። ሙያዬ ኔትወርክ ነው፣ መብራቷ ብልጭ ካለች መረጃ አለ፣ ካላለች የለም፣ ከዚህ ወዲያ ያለውን ለሼኮቹና ለቄሶቹ ትቼዋለሁ። አሁንም አምናለሁ አልልህም። የሆነውን ግን እንደሆነው እነግርሃለሁ፣ አንተው ፍረድ።

ጊዜው ሞባይል ሰው ሁሉ እጅ የገባበት፣ ኔትወርኩ ግን ደሴ ላይ ጉም በወረደ ቁጥር አብሮ የሚጠፋበት ዘመን ነው። የምሠራበት የገበሬዎች ዩኒየን፣ ስሙ ይቅርብህ፣ ዋና ቢሮው ደሴ፣ የእህል መጋዘኑ ኮምቦልቻ ነበር፣ እና ሁለቱ ቢሮዎች በስልክ ከሚጯጯሁ ብዬ በተከራየነው የስልክ መስመር ላይ አንድ የቻት ሰርቨር፣ የጽሑፍ መነጋገሪያ ማለት ነው፣ በገዛ እጄ አቆምኩላቸው። አሥራ አራት ሠራተኞች ነን፣ ሁላችንም የየራሳችን ስምና ፓስዎርድ አለን። እመነኝ፣ የወሎ ሰው ሰላምታ ሰርቨር ይጥላል፣ ጠዋት «እንዴት አደራችሁ» ተብሎ ይጀመርና ልጆቹ ተጠይቀው፣ ጎረቤት ተጠይቆ፣ ዝናቡ ተጠይቆ፣ ስንት ኩንታል ስንዴ እንደገባ የሚጻፈው ሰው ለምሳ ሊወጣ ሲል ነው።

እንዲህ ደስ ብሎን ስንሠራ አንድ ረቡዕ፣ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ለሁላችንም አንዲት ግጥም ደረሰችን።

ስንዴው በኮምቦልቻ ነቀዝ እየበላው፣
አለቃችን ደሴ ቦርጩ ብቻ ደላው።

ምን ልዋሽህ፣ ደሴ ቢሮ በሳቅ ፈረሰ፣ እኔም ከወንበሬ ልወድቅ ነበር። ሳቁ የቆመው ግጥሟ የመጣችው ከእትዬ ዘይነባ ስም መሆኑን ስናይ ነው። እትዬ ዘይነባ የኮምቦልቻ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ የመጨረሻ ልጃቸውን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ፣ በአንድ ጣት የሚጽፉ፣ ከአፋቸው ክፉ ቃል ወጥቶ የማያውቅ ሴት። «ወላሂ እኔ አይደለሁም፣ በዚያ ሰዓት ዙሁር እየሰገድኩ ነበር» አሉ፣ ብቻቸውን ስለሰገዱ ግን ከአላህ በቀር ምስክር አልነበራቸውም።

ሥራ አስኪያጃችን ደግሞ በቦርጩ የሚቀለድበት ሰው አልነበረም። «ሰኞ ግምገማ አለ፣ እዚያው ትሰናበታለች» አለ። የዚያን ጊዜ ግምገማ እንዴት እንደነበር ታውቃለህ፣ አለቃ አንዴ ከጀመረህ ትናንት አብሮህ የበላው ሁሉ እጁን እያወጣ ይጨምርብሃል። አላስቻለኝም፣ ገባሁና «ሌላ ሰው ፓስዎርዳቸውን ገምቶ በስማቸው ገብቶ ቢሆንስ?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ተገምቶ የሚገባ ከሆነ አሳየኝ፣ ሰኞ ጠዋት በወረቀት አምጣ። የማይገባ ከሆነ ግን እሷው ናት» አለኝ። እንግዲህ የሴትዮዋ እንጀራ በኔ ወረቀት ላይ ወደቀ።

ቅዳሜ በጠዋቱ ሚኒባስ ይዤ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። እትዬ ዘይነባ መዝገብ ቤት ውስጥ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠው ነበር፣ ኮምፒውተራቸው በዳንቴል ተሸፍኗል።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ይርዱኝ። ፓስዎርድዎ ምንድን ነው? ቀላል ከሆነ ነገሩ አለቀ።»

«አልነግርህም» አሉኝ።

«እንዴት?»

«ሥልጠና ስትሰጠን 'ለማንም እንዳትነግሩ፣ ለኔም ቢሆን' ያልከው አንተ አይደለህም ወይ? ቃልህን ይዤ ነው። ደግሞ የሚነገር አይደለም፣ የኔ ብቻ አይደለም።»

አየህልኝ? ከአሥራ አራት ሰው ምክሬን የሰሙት እሳቸው ብቻ ናቸው፣ እሱም ሊያስባርራቸው ነው። «እንግዲያው የእድሩን መዝገብ ይስጡኝ» አልኳቸው። የቢሯችን እድር ጸሐፊ እሳቸው ናቸው፣ መዝገቡ ላይ የእያንዳንዱ ሠራተኛ አባት፣ እናት፣ ሚስት፣ ልጅ፣ አማት ሳይቀር በስም ሰፍሯል፣ ለቅሶ ሲመጣ ድንኳን የሚተከለው በዚያ ዝርዝር ነዋ። ለምን ፈለግከው አትለኝም? ሥልጠናው ላይ «የማይረሳችሁን ስም አድርጉ» ያልኩት እኔው ነኝ፣ የኛ ሰው ደግሞ የማይረሳው የልጁን ስም ነው፣ ከኋላው አንድ ሁለት ሦስት ይጨምርበትና ኮራ ብሎ ይሄዳል። መዝገቡን ሰጡኝና፣ «አብሽር፣ አላህ ያውቃል» ብለው ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ቤታቸው ሄዱ። አብሽር መባል የነበረባቸው እሳቸው፣ አጽናኙም እሳቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት ግቢው ባዶ ነው፣ ያለነው እኔና በሩ ላይ የተቀመጡት ዘበኛ ጋሽ ወልዴ ብቻ። የኮምቦልቻ ሙቀት አናት ይበሳል፣ ሸሚዜን ፈትቼ ስሞቹን ከመዝገቡ አንድ በአንድ ላፕቶፔ ላይ ለቀምኳቸው፣ የእትዬ ዘይነባን ሦስት ልጆችና ባላቸውን እንዲያውም ሁለት ጊዜ አየኋቸው። ከዚያ ስክሪፕቴን አስነሳሁ፣ ስክሪፕት ማለት አንተ እጅህን አጣጥፈህ ስትቀመጥ ትዕዛዙን በተርታ የሚፈጽምልህ ጽሑፍ ነው፣ መጀመሪያ መስመሩ ላይ የትኛው ማሽን እንደበራ ይቃኛል፣ ቀጥሎ በየሰዉ ስም ፓስዎርዶቹን ይሞክራል።

ቅኝቱ ሁለት ማሽን ማግኘት ነበረበት፣ ሰርቨሩንና የኔን። ሦስት አለኝ። ሦስተኛው የመዝገብ ቤቱ ነው። «ሴትዮዋ ሳያጠፉ ሄዱ» ብዬ ሄጄ በመስኮቱ አየሁ፣ ዳንቴሉ እንዳለ ነው፣ የመብራት ገመዱም ተነቅሎ፣ ተጠቅልሎ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ተመልሼ እንደገና ቃኘሁ፣ ሦስት። ሳቅኩ እንጂ አልፈራሁም፣ መስመሩን ለየማሽኑ የሚያከፋፍለው ስዊች አሮጌ ነው፣ የድሮውን አስታውሶ ነው አልኩ፣ ለሁሉም ነገር ምክንያት አላጣም እኮ።

ከዚያ የፓስዎርዱ ሙከራ ጀመረና ሙቀቱን ረሳሁት፣ ምን የመሰለ ጨዋታ መሰለህ። ገንዘብ ያዡ በመጀመሪያ ልጁ ስም፣ ሾፌሩ በአማቱ ስም፣ እሱ ደግሞ ማን ያምናል፣ አማቱን በየሄደበት የሚያማ ሰው። ሥራ አስኪያጁ በገዛ ስሙ ላይ አንድ ቁጥር ጨምሮ አረፈው፣ አራት ሰከንድ አልፈጀም። የራሴን ሳይቀር አገኘው፣ አትሳቅብኝ። አሥራ ሦስታችን ተራ በተራ ወደቅን። አሥራ አራተኛው ላይ ስክሪፕቱ ዝርዝሩን እስከ ታች ሄደበት፣ በቁጥርም ያለ ቁጥርም ሞከረው፣ እና «አልቋል፣ አልተገኘም» ብሎ ቆመ። እትዬ ዘይነባ።

 ላስጥላቸው የመጣሁት ሰው ማስረጃ ሆኜባቸው ልመለስ ነው፣ ከሁሉም ሰው ፓስዎርድ የማይገመተው የሳቸው ብቻ ነው ብዬ ሰኞ በገዛ አፌ ልናገር ነው። ውሸት ልጻፍ ብዬም አሰብኩ፣ ግን አለቃዬ «እስቲ ፊቴ ግባበት» ቢለኝስ? ግንባሬን ጠረጴዛው ላይ ደፍቼ ቀረሁ።

እንዲህ እንዳለሁ ነው ድምፁን የሰማሁት፣ ጠቅ። ቆየት ብሎ ጠቅ። ከመዝገብ ቤት በኩል ነው፣ አንድ ሰው በአንድ ጣት እየፈለገ ሲጽፍ። ያን አጻጻፍ ከሺህ አውቀዋለሁ፣ «ተመለሱ እንዴ እትዬ?» ብዬ ወጣሁ። በሩ ተቆልፏል። ጋሽ ወልዴን «ማን ገባ?» ብላቸው «በማርያም፣ ድመት እንኳ አልገባችም፣ ፀሐዩ ነው የመታህ፣ ውሃ ጠጣ» አሉኝ። ውሃውን ጠጣሁና ተመለስኩ።

ላፕቶፑ ላይ፣ «አልቋል» ከሚለው መስመር በታች፣ አንድ መስመር ተጨምሯል። የእትዬ ዘይነባ ስም፣ «ተገኝቷል»፣ ቀጥሎ በላቲን ፊደል አንድ ቃል፦ ሸምሲያ። ዝርዝሬ ውስጥ ፈለግኩ፣ የለም። መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር ገለጥኩ፣ የተሰረዙትን ሙታን ሳይቀር አየሁ፣ ሸምሲያ የምትባል ሰው በዩኒየናችን ውስጥ ተወልዳም ሞታም አታውቅም። በዚያ ሙቀት እጄ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ፣ እመነኝ። ዕቃዬን ሰብስቤ የወጣሁት ሸሚዜን ሳልቆልፍ ነው።

ሰኞ ወረቀቴን አነበብኩ፣ «አሥራ አራቱም ፓስዎርዶች ደካማ ናቸው፣ ማንም በማንም ስም መግባት ይችላል፣ ለምሳሌ ሥራ አስኪያጁ...» ብዬ ልቀጥል ስል ሥራ አስኪያጁ ሳል አጣደፈውና «ገባን፣ ገባን፣ ቀጥል» አለ። ቤቱ ሳቁን ዋጠ። ክሱ እዚያው ቀረ፣ ሁሉም ሰው እስከ ሐሙስ ፓስዎርዱን እንዲቀይር፣ ያልቀየረ እንዲዘጋበት ተወሰነ። እትዬ ዘይነባ ከስብሰባው ሲወጡ ትከሻዬን መታ አድርገው «አላህ ያሳድግህ» አሉኝ፣ የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ ነኝ።

ሐሙስ ቀን ላፕቶፔን ይዤ መዝገብ ቤት ገባሁ። የሳቸው ኮምፒውተር እንደተሸፈነ ነው፣ ከዚያች ረቡዕ ወዲህ ፈርተው አልከፈቱትም።

«እትዬ፣ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ እንቀይረው።»

«መጀመሪያ የኔን ምን ብለህ አገኘኸው?»

ጻፍኩላቸው። አነበቡት፣ ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። እርስዎ ያውቃሉ ብዬ ነው እኔ።»

«የመጀመሪያ ልጄ ናት» አሉ። «ፀሐይ ስትወጣ ተወለደች፣ በሦስተኛው ቀን ሄደች። ስም የሚወጣው በሰባተኛው ቀን ነው፣ ሰባት ያልሞላው ስም የለውም፣ እድርም አይመዘግበው፣ ድንኳንም አይተከልለት። እኔ ግን ሳጠባት በጆሮዋ ሸምሲያ ብያታለሁ። ለአባቷ እንኳን አልነገርኩም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነኝ፣ ከኔና ከሷ በቀር ይችን ስም የሚያውቅ የለም።»

  እንዲህ ብለው፣ ዕንባቸው እየወረደ፣ ድንገት ይስቁ ጀመር፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ።

«ግጥም ታውቃለቻ። ወይ የአባቷ ልጅ፣ እሱም ሠርግ ቤት ግጥም ሲያወርድ ባለቦርጭ አይምርም ነበር።»

እኔም ሳቅኩ፣ ምን አባቴ ላድርግ። ከዚያ «እትዬ፣ ትዕዛዝ ነው፣ ዛሬ ካልተቀየረ ይዘጋል» አልኳቸው።

«ሥራዬን ካዳነችልኝ ወዲያ በሯን ልዝጋባት? እናት እንዲህ ታደርጋለች?»

በሪፖርት ዋሽቼ የማላውቅ ሰው፣ በስማቸው አንጻር «ተቀይሯል» ብዬ ጻፍኩ። ልዘጋ ስል የቻቱን ስም ዝርዝር አየሁ፣ እትዬ ዘይነባ ከሚለው ስም ጎን ያለችው ነጥብ አረንጓዴ ሆነች፣ ገብተዋል ማለት ነው። ሴትዮዋ ፊት ለፊቴ ናቸው፣ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው፣ የኮምፒውተራቸው ገመድም እንደተነቀለ ነው።

«ምን አየህ?» አሉኝ።

«ምንም» አልኩ።

ፊቴን አዩኝና ፈገግ አሉ። «ካለች ሰላም በልልኝ።»

«እናትሽ ሰላም ብለውሻል» ብዬ ጻፍኩና ላኩት። ከታች በኩል «እየጻፈ ነው» የሚለው ምልክት ብቅ አለ፣ አንዷን ፊደል ከሌላዋ ቀጥሎ የሚፈልግ ይመስል፣ ቀስ ብሎ። እኔ ላፕቶፑን ከደንኩት፣ እሳቸው ግን ወንበራቸውን ወደኔ ጠጋ አደረጉና «ለምን ዘጋኸው? እስክትጨርስ ጠብቃት እንጂ» አሉኝ።