ምዕራፍ አሥራ ዘጠኝ

ደራሲዋ በአፏ ድሃ ነበረች። ሰው ፊት ስትቆም ምላሷ ይተሳሰራል፤ ወረቀት ፊት ስትቀመጥ ግን የሚያቆማት የለም። ከታላቅ እህቷ ጋር ተኳርፈው ሁለት ዓመት ሙሉ ሲዘጋጉ እንኳ፣ ይቅርታ የጠየቀቻት በሦስተኛው ልብ ወለዷ ውስጥ ነው፤ አንዲት ገጸ ባሕርይ ለእህቷ የምትናገረው አስመስላ። እህቷ መጽሐፉን ገዛች፣ አነበበች፣ ዓይኗ አብጦ መጥታ በሯን አንኳኳች። ከዚያ ወዲህ ደራሲዋ ነገር በዚህ መንገድ ይፈታል ብላ አመነች። ኋላ ጉድ የሠራት ይሄው እምነቷ ነው።

የምትኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኩሽናው ውስጥ ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ በእርሳስ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ትጽፋለች። አብሯት የሚኖር ግራጫ ድመት አለ። ገና እግሩ ቤት ሲገባ ያላትን አንድ ደህና ወንበር ስለቀማት፣ ሊቀመንበሩ ብላ ስም አወጣችለት። እሷ በርጩማ ላይ ጎብጣ ትጽፋለች፣ እሱ ወንበሯ ላይ ተንደላቆ ያንኮራፋል። የተጻፈው ወረቀት ሲበዛ ደግሞ ወንበሩን ትቶ እዚያ ላይ ይወጣል። ያኔ ማን ደፍሮ ያነሳዋል? «ሲነሳ እቀጥላለሁ» ትልና ሻይ ትጥዳለች።

ታይፒስቱ የሚመጣው ሐሙስ ሐሙስ ነው። ማተሚያ ቤቱ የእጅ ጽሑፍ አይቀበልም፤ ስለዚህ እሱ ወረቀቷን ይወስድና በኮምፒውተር ጽፎ በሳምንቱ ያመጣላታል። ረጅም፣ ቀጭን፣ የእጅጌውን ቁልፍ እስከ መጨረሻው የሚቆልፍ ሰው ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት «እንደምን ዋሉ»፣ «ደህና፣ እርስዎስ» ከመባባል አላለፉም።

አንድ ሐሙስ ሊቀመንበሩ ምዕራፍ አምስት ላይ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ አገኘው።

«ጌታው፣ ሥራ አለብኝ» አለው ታይፒስቱ ጎንበስ ብሎ። «ትንሽ ቢነሱልኝ ምን ይመስልዎታል?»

ድመቱ አንድ ዓይኑን ከፍቶ አየውና መልሶ ጨፈነው። ታይፒስቱ እጁን ሰደደ፤ ተቧጨረ።

ደራሲዋ ጥጥና አልኮል ይዛ ሮጠች። እጁን በእጇ ይዛ ደሙን ስትጠርግለት «አመመህ?» አለችው።

«አመመዎት?» ማለት እንደነበረባት ሁለቱም ያውቁታል።

«አላመመኝም» አለ። ቀጥሎ ደግሞ፣ «ድመቱን አንቱ እያልኩ አንቺን አንቺ ብልሽ ይከፋሻል?»

አልከፋትም። እንዲያውም ጥጡን ከሚያስፈልገው በላይ አመላለሰችው።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ረዘመ። ታይፒስቱ ለድመቱ ቁራሽ ሥጋ፣ ለእሷ ወሬ ይዞ ይመጣል። እሱ ያወራል፣ እሷ ትሰማለች።

«ዝምታሽን እወደዋለሁ» አላት አንድ ቀን። «አንዳንዴ ግን ከፎቶግራፍ ጋር የማወራ ይመስለኛል።»

ሳቀች። ስትስቅ አፏን በመዳፏ የመሸፈን ልማድ አላት። ያን ቀን መዳፏን ይዞ ከአፏ ላይ አወረደው፣ አልለቀቀውምም። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ እንደዚያው ተቀመጡ። ወደደችው። ዕድሜዋን ሁሉ ስለ ፍቅር ስትጽፍ የኖረች ሴት፣ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ላይ እጇን የያዘውን የመጀመሪያ ሰው እንደ ልጃገረድ ወደደችው።

ጽሑፉ ምዕራፍ አሥራ ስምንት ሲደርስ ታይፒስቱ ሻዩን ሳይነካ ተቀመጠ።

«ሌላ ከተማ ያለ ማተሚያ ቤት የክፍል ኃላፊ አድርጎ ሊቀጥረኝ ነው። የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ እሄዳለሁ። ብቻዬን መሄድ ግን አልፈልግም። ታገቢኛለሽ?»

ደነገጠች። ስትደነግጥ ደግሞ ከአፏ የሚወጣውና በልቧ ያለው ተገናኝቶ አያውቅም።

«ይሄን ድመት ለማን ጥዬ?» አለች።

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። «ቀልዱን ተይው። ሐሙስ ስመጣ ትነግሪኛለሽ።»

እሺ ልትለው ፈልጋ ነበር። ከአፏ ሳይወጣ በሩ ተዘጋ። ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ከበርጩማዋ ሳትነሳ ምዕራፍ አሥራ ዘጠኝን ጻፈች። የልብ ወለዱ ጀግና ልብስ ሰፊ ነው፤ የሚወዳት ሴት ለጋብቻ ጥያቄው መልስ ትሰጠዋለች። ደራሲዋ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ስትደርስ የልብስ ሰፊውን ስም ሰረዘችና በቦታው የታይፒስቱን ስም ከነአባቱ ጻፈች። ይህን አይቶ የማይገባው ካለ እሱ ዕውር ነው ብላ ለብቻዋ ሳቀች።

ሐሙስን መጠበቅ ስላልቻለች ሰኞ ራሷ ይዛለት ሄደች። የሚሠራበት የታይፒስቶች ክፍል በሰው ተሞልቶ ነበር።

«እስከ ሐሙስ ይደርሳል?»

«ይደርሳል» አለ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ። እሷ ቀልታ ወጣች።

ሐሙስ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። የተጻፈውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ተቀመጠ። ድመቱ ጭኑ ላይ ወጣ። ደራሲዋ ዘጠነኛውን ገጽ ገለጠች። ስሙ አለ። መልሷም አለ፤ አንድ ፊደል አልጎደለም። ቀና ብላ ጠበቀችው።

እሱም ጠበቃት።

«እና?» አለ በመጨረሻ።

ፊቷ ነደደ። ስሙን በገዛ ጣቱ ጽፎ፣ የልቧን ሁሉ እስከ አራት ነጥቡ ለቅሞ፣ አሁን «እና?» ይላታል። ደግማ እንድትለምነው ነው? ወይስ ሐሳቡን ለውጦ እምቢታውን በዝምታ ሊነግራት?

«የምለውን ብያለሁ» አለች።

«ያ ነው መልስሽ?»

«እሱ ነው። የምጨምረው የለኝም።»

ታይፒስቱ ጭኑ ላይ የተኛውን ድመት ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ በሁለት እጁ አንስቶ መሬት ላይ አኖረው። ጸጉሩን ከሱሪው ላይ አራገፈ፣ እጇን ጨበጠ፣ ወጣ።

እንዲያም ሆኖ ተስፋ መቁረጥ አልቻለችም። ቅዳሜ ጠዋት ድመቱን ቅርጫት ውስጥ ከተተች፣ ሻንጣዋን በሩ ሥር አቆመች፣ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ ደረጃውን ስታዳምጥ ዋለች። የወጣም የወረደም ነበር። የእሷን በር ያንኳኳ ግን አልነበረም። ወደ ማታ ድመቱን ከቅርጫቱ አወጣችው።

ያን ልብ ወለድ፣ አምስተኛዋን፣ አላሳተመችውም። ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበትና ስድስተኛውን ጀመረች። ሦስት ዓመት በዚህ ሄደ።

ከዚያው ክፍል የምትመጣው አዲሷ ታይፒስት ወፍራም መነጽር ያላት፣ ጨዋታ የምታውቅ ሴትዮ ናት። ስድስተኛውን ጨርሳ ያመጣች ቀን ደራሲዋ እንደምንም ራሷን አደፋፍራ ጠየቀቻት።

«ታሪኩ እንዴት ነበር? መጨረሻው አላሳዘነሽም?»

«መጨረሻው ምን ሆነ?» አለች ሴትዮዋ።

«አንቺ አይደለሽ የጻፍሽው?»

«እኔ መች አነባለሁ፣ የኔ እህት? ካነበብኩማ ጣቴ ይቆማል። ዓይኔ ፊደሉን ያያል፣ እጄ ይመታል። ይጋቡ ይሙቱ አላውቅም። ከእኔ በፊት ያንቺን ይጽፍልሽ የነበረው ነው እንዲህ ያስለመደን። እሱማ ይብሳል። የገዛ እህቱን የሠርግ መጥሪያ ጽፎ ጨርሶ የማን ሠርግ ነው ብንለው፣ እኔ ምን አውቄ ብሎን፣ ስንት ዓመት ስንስቅበት ኖርን።»

ደራሲዋ አልሳቀችም። የድሮውን ታይፒስት ስልክ ቁጥር ተቀብላ ሴትዮዋን ሸኘቻት። ቁጥሩን ሁለቴ ተሳስታ በሦስተኛው አገኘችው።

«ምዕራፍ አሥራ ዘጠኝን አንብበኸዋል?» አለች፣ ሰላም እንኳ ሳትለው። በድምፅዋ አወቃት።

«ያን ሰኞ ያመጣሽውን? ጻፍኩት እንጂ መች አነበብኩት። ምነው፣ ስህተት ነበረበት?»

«አንድም ስህተት አልነበረበትም። መልሴ እዚያ ውስጥ ነበር።»



«ምን ይል ነበር?»

ሳጥኑን መክፈት አላስፈለጋትም፤ ሦስት ዓመት በቃሏ ይዛዋለች። የተጻፈ ነገር እንደሚያነብ ሰው፣ ድምፅዋን ሳታነሳ ሳትጥል አነበነበችለት፤ «እሺ፣ አገባሃለሁ። ቅዳሜ ጠዋት መጥተህ ውሰደን። ድመቱን በቅርጫት፣ ወረቀቴን በሻንጣ አድርጌ በሩ ላይ ታገኘኛለህ።»

«እኔ እኮ» አለና ቆመ። «እኔ እኮ የምለውን ብያለሁ ስትዪኝ ድመቱን መስሎኝ ነው። ለማን ጥዬ ብለሽኝ አልነበር? ቢሆንም መናኸሪያው ላይ ሦስት አውቶቡስ አሳለፍኩ። ምናልባት ትመጣለች ብዬ።»

«እኔ በር ላይ ነበርኩ።»

«ለምን በአፍሽ አልነገርሽኝም?»

አራት መቶ ገጽ ለመሙላት የማትቸገረው ሴት እርሳስ ፍለጋ ጠረጴዛውን ዳበሰች። ከወዲያ በኩል ሕፃን ማልቀስ ጀመረ፤ አንዲት ሴት ከሩቅ አንድ ነገር ተናገረች።

«ልጄ ከእንቅልፏ ነቃች» አለ ታይፒስቱ፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

«ሂድ» አለችው።

ከወረቀት ሳትቀዳ፣ ሳትደነግጥ፣ ቃሉን መርጣ በገዛ አፏ የሰጠችው መልስ ይሄ ብቻ ነበር።