ዓይን አፋሮቹ የሐመልማል ዓሦች

ጠጋ ጠጋ በሉ! ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ሐመልማል ነው። እንግዳ በጣም ስለምትወደው ስለ ሐመልማል።

ቤት እንግዳ ሲመጣ ሐመልማል ቁጭ አትልም። ወንበር ትጎትታለች፣ ዳቦ ታቀርባለች፣ ታጎርሳለች።

እንግዳው «ጠገብኩ» ቢልም አትሰማም። «ይቺን ብቻ! በሞቴ!» ትላለች። ከአክስቷ ነው የተማረችው።

እንግዳውስ ምን ያድርግ? አፉን ከፍቶ ይጎርሳል።

አንድ ቅዳሜ ሐመልማልና አባቷ ዓሣ ሊገዙ ወደ ጋሽ መርዕድ ሱቅ ሄዱ። ቤት ውስጥ ለዓሣ የሚሆን የመስታወት ገንዳቸው ከተዘጋጀ ሰንብቷል። የውኃ ማጣሪያውም ቡል! ቡል! ቡል! እያለ ይጠብቃል።

«አባዬ፣ አባዬ! እያቸው! ክብ ናቸው!»

ዲስከስ የሚባሉት ዓሦች ናቸው። እንደ ሰሃን ክብ፣ እንደ ሰሃን ጠፍጣፋ። ሰማያዊ አለ፣ ቀይ አለ፣ ደግሞ አንድ ትልቅ ቢጫ አለ።

«ቢጫው ድንቡሼ ነው ስሙ!» አለች ሐመልማል። ማን ጠየቃት? ማንም።

«እሺ፣ እሱን ይስጡን» አለ አባቷ።

«ብቻውንማ አይሆንም፣ ይፈራል» አሉ ጋሽ መርዕድ። «ዲስከስ ከጓደኞቹ ጋር ነው የሚኖረው።» ስለዚህ አምስት ዓሦች ገዙ።

ጋሽ መርዕድ ጎንበስ ብለው ሐመልማልን አዩዋት። «ስሚኝ የኔ ልጅ። እነዚህ ዓይን አፋሮች ናቸው። ዛሬ ምግብ አትስጫቸው። ዝም በያቸው፣ ቤቱን ይልመዱት።»

ሐመልማል «እሺ» አለች። በሆዷ ግን «እንግዳ መጥቶ ሳይበላ? ኧረ ነውር ነው!» አለች።

ቤት ሲደርሱ አባቷ ዓሦቹ ያሉበትን ላስቲክ ገንዳው ላይ አንሳፈፈው። ከገንዳው ውኃ ትንሽ ጨመረበት፣ ቆይቶ ደግሞ ትንሽ ጨመረበት። ከዚያ ቀስ ብሎ ለቀቃቸው።

«እንኳን ደህና መጣችሁ!» አለች ሐመልማል በታላቅ ድምፅ።

ዓሦቹ ፈትለክ! ገንዳው ውስጥ ካለው እንጨት ጀርባ እልም አሉ።

አባቷ ምሳ ሊሠራ ወደ ኩሽና ገባ። ሐመልማል ደግሞ የዓሣውን ምግብ ጣሳ አነሣች።

ጠብ! «ብሉ እንጂ! በሞቴ!»

ማንም አልወጣም። «አፍረው ነው» አለች ሐመልማል።

ጠብ! ጠብ! «ይቺን ብቻ! በሞቴ!»

አሁንም ማንም አልወጣም። መስታወቱን አንኳኳች። ኳ! ኳ! ኳ!

«እንዴት ያስቸግራሉ!» አለችና ጣሳውን ገለበጠችው። ምግቡ በሙሉ ዱብ! አለ።

በማግሥቱ ጠዋት ሐመልማል ሮጣ ወደ ገንዳው መጣች። ውኃው ደፍርሷል። ዓሦቹ ጠቁረዋል፤ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ።

ድንቡሼ በጎኑ ተኝቷል።

«አባዬ! ድንቡሼ ሊሞት ነው!» ሐመልማል እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «እኔ ነኝ! እምቢ ሲሉኝ ምግቡን በሙሉ ሰጠኋቸው!»

አባቷ አልተቆጣም። አቅፏት ለጋሽ መርዕድ ስልክ ደወለ።

«ምንም አይደል» አሉ ጋሽ መርዕድ። «ምግቡን አውጡ፣ ውኃውን ግማሹን ቀይሩ። አዲሱ ለብ ያለ ይሁን። ብቻ ቶሎ በሉ!»

አባቷ ቧንቧውን ከፈተ። ፍስስስ... ከዚያ ጭጭ። ውኃ የለም! በሰፈሩ በሙሉ ውኃ ጠፍቷል።

«ጀሪካኑስ?» አለች ሐመልማል።

ጀሪካኑ! ለልብስ ማጠቢያ የተቀዳ ውኃ አለበት። «ልብሱ ይቆየን» አለ አባቷ። «ደግሞም ቆየት ያለ ውኃ ለዓሣ ጥሩ ነው።»

ትንሹን አሞቁና ከቀዝቃዛው ጋር ቀላቀሉት። ሐመልማል እጇን ነከረች። «አቃጠለኝ!» ቀዝቃዛ ጨመሩ። «አሁን ለብ ብሏል!»

አባቷ በቀጭን ቱቦ የተበላሸውን ምግብ ከነውኃው ሳበ። ከዚያ አዲሱን ውኃ ቀስ እያለ ጨመረ። የገንዳውን መብራት አጠፋና ገንዳውን ፎጣ አለበሰው።

«አሁንስ ምን እናድርግ?»

«አሁንማ ዝም ነው» አለ አባቷ።

ዝም! ለሐመልማል ከዝም የሚከብድ ነገር የለም። እጆቿን ከጭኗ ሥር ሸጎጠቻቸው። «በሞቴ» ልትል ነበር፤ ዋጠችው።

ጠበቀች። አሁንም ጠበቀች። እየጠበቀች እንቅልፍ ወሰዳት።

ስትነቃ የፎጣውን ጫፍ ቀስ ብላ ገለጠች።

ድንቡሼ ቀጥ ብሎ ቆሟል! «ተነሥቷል! አባዬ፣ ተነሥቷል!» አለች፣ በሹክሹክታ።

ዓሦቹ ግን ያን ቀንም ከእንጨቱ ጀርባ አልወጡም። ሐመልማል ከፋት፤ ቢሆንም አልጠራቻቸውም።

በሌላው ቀን ማታ አባቷ «በይ፣ አንዲት ቁንጥር ብቻ» አላት። ሐመልማል ምግቡን ጠብ አደረገችና ወደ ኋላ ሄደች። ምንም አላለችም።

ከእንጨቱ ጀርባ ቢጫ አፍንጫ ብቅ አለ። ተመለሰ። እንደገና ብቅ አለ።

ጉም! ድንቡሼ ጎረሰ።

ቀዩም መጣ። ጉም! ሰማያዊውም መጣ። ጉም! የቀሩትም ተከተሉ። ጉም! ጉም!

ሐመልማል በደስታ ልትጮኽ ምንም አልቀራትም። አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

የመኝታ ሰዓት ሲደርስ ወደ ገንዳው ጠጋ አለች። ዓሦቹም ወደ መስታወቱ ጠጋ አሉና አዩዋት።

«ደህና እደሩ» አለቻቸው፣ በጣም በቀስታ።

አልሸሹም። ለምን ይሽሹ? ቤታቸው ነዋ።