ቀድሞ የሚመጣው ልጅ

«አንተ! ከእኛ ቀድመህ መጣህ እንዴ?»

እንቁ ናት፤ ሁለት አካፋ በትከሻዋ ተሸክማ። ወሰኑ ሸሚዙን እያራገፈ ክው አለ። ምን ይበል? ከመምጣትስ አልመጣም። እዚያው ነው ያደረው!

ወሰኑና ሶሬሳ የባቲ ልጆች ናቸው። ጅቡቲ ከደረሱ ሦስተኛ ወራቸው ነው፤ ወደ የመን የሚያሻግራቸውን ጀልባ ይጠብቃሉ። ቤታቸው ከባሕሩ ዳር ያለ መናፈሻ ነው፤ ጥግ ላይ፣ ቁጥቋጦ ሥር፣ ካርቶን አንጥፈው።

«አዎ... ማልጄ መነሳት እወዳለሁ» አላት።

«ጎበዝ! እንካ በል» ብላ፣ ለሥራው የመጣ መስሏት፣ አንዱን አካፋ አስጨበጠችው።

የሶማሌውም፣ የአፋሩም፣ የአበሻውም ልጅ ተሰባስቦ አርብ አርብ ጠዋት የመናፈሻውን የእግር መንገድ በነፃ ያድሳል። ነፋሱ አሸዋ እያመጣ መንገዱን ይውጠዋል፤ እነሱ ይጠርጋሉ፣ የፈረሰውን የዳር ድንጋይ ይደረድራሉ፣ ኖራ ይቀባሉ። አስተባባሪያቸው ድሬዳዋ ያደገው ጅብሪል ነው። እንቁ ፈረንጆች ቤት ተቀጥራ እዚያው ታድራለች። በሳምንት አንዲት ዕረፍት አለቻት፤ እሷንም ለአሸዋ ሰጠቻት።

«ምን ትሠራለህ?» አለችው በዚያው ቀን።

«ዶራሌ... ወደቡ ላይ። ኮንቴይነር እቆጣጠራለሁ።»

ወይ ጉድ! አልፎ አልፎ ሸክም የሚያገኝበትን ቦታ መሥሪያ ቤቱ አደረገው።

አራት አርብ እንዲህ አለፈ። ሁሌም ቀድሞ የሚገኘው ወሰኑ ነው። ጅብሪል ያረፈደውን ሁሉ «ከወሰኑ ተማሩ እንጂ!» እያለ ይቆጣል። ወሰኑ ይህን በሰማ ቁጥር አካፋው ላይ ያቀረቅራል። እንቁ ሳንቡሳ ቋጥራለት ትመጣለች፤ እሱ ግማሹን በልቶ ግማሹን ኪሱ ይከታል።

«ለማን ነው?»

«ኋላ ይርበኛል...»

ሶሬሳ ሳንቡሳውን እየበላ ይስቅበታል። «ማልጄ መነሳት እወዳለሁ አልካት? አይ አንተ! እውነቱን ንገራት፣ ምን ታደርግሃለች?»

«ብትንቀኝስ?»

በአምስተኛው አርብ ሥራው እነሱ ጥግ ደረሰ። ሌላ ቀን ቢሆን ካርቶኑን ጠቅልለው ዞር ይሉ ነበር፤ ሶሬሳን ግን ወባ ጥሎታል። ጅብሪል ቁጥቋጦውን ገለጥ አድርጎ «ኧረ ሰው አለ እዚህ!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ተሰበሰበ።

ሶሬሳ እየተንቀጠቀጠ ዓይኑን ገለጠ። ወሰኑን ሲያይ ፈገግ ሊል ቃጣው።

«የአገራችን ልጅ ይመስላል» አለች እንቁ ወደ ወሰኑ ዞራ። «ታውቀዋለህ?»

«እኔ? ...አላውቀውም።»

ሶሬሳ ተነሳ። ካርቶኑን አጠፈ፣ ፌስታሉን አነሳ። «ይቅርታ፣ መንገዳችሁን ያዝኩባችሁ» ብሎ እግሩን እየጎተተ ሄደ። እንቁ «ውሃ ላምጣ» ብላ ወጣች፤ ብዙ ቆይታ ተመለሰች። ያን ቀን ለወሰኑ ሳንቡሳ አላቀረበችለትም።

ከሰዓት ወሰኑ የከተማውን ምኒልክ አደባባይ ዞረ፣ መኪና ተራውን ዞረ፤ ሶሬሳ የለም። ወደ ጅቡቲ ሲመጡ ወሰኑ በረሃ ላይ ቢወድቅ፣ በጀርባው ተሸክሞ ያወጣው ሶሬሳ ነበር። እሱን ነው አላውቀውም ያለው! ሳምንቱን ሙሉ ሲፈልገው ሰነበተ።

በስድስተኛው አርብ ወሰኑ ከሁሉም ኋላ መጣ።

«ወሪያ! አንተም አረፈድክ?» አለ ጅብሪል።

«ቀድሜ መጥቼ አላውቅም» አለ ወሰኑ። «እዚህ ነው የማድረው። ዶራሌም ሥራ የለኝም። ያ የታመመው ልጅ... ሶሬሳ ይባላል። ጓደኛዬ ነው። እንቁ ፊት እንዳላፍር ብዬ ካድኩት።»

ወሰኑ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር።

«አውቃለሁ» አለች እንቁ።

«ምኑን?»

«ሁሉን። ያን ቀን ውሃ ይዤ ተከተልኩት። ባልባላ ሰፈር እትዬ በለጡ ቤት አስጠግቼዋለሁ፤ እኔም መጀመሪያ ስመጣ መንገድ ላይ አግኝተው ያስጠጉኝ እሳቸው ናቸው። ታክሞ እየተሻለው ነው። ስለ አንተ ስጠይቀው ምን አለኝ መሰለህ? ‹ወዶሽ ነው። አፍሮ ነው እንጂ ክፉ አይደለም፤ አትቀየሚው።›»

ወሰኑ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ከራስህ አፍ እስክሰማው! ካርቶን ላይ ማደርህ አይደለም ያስቀየመኝ። ዛሬም ዝም ብትል ኖሮ ዳግም አታየኝም ነበር።» ዕንባዋን ጠረገች። «ና፣ እንሂድ።»

ሚኒባስ ይዘው ባልባላ ወጡ። እትዬ በለጡ በር ላይ ቆመው ወሰኑን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ሶሬሳ፣ አንድ ልጅ መጥቷል። ታውቀዋለህ?»

ሶሬሳ ከፍራሹ ቀና አለ። ወሰኑ የገዛ ጫማውን ያያል...

«አውቀዋለሁ፣ እትዬ» አለ ሶሬሳ። «ወንድሜ ነው። ማልዶ መነሳት ይወዳል።»

እንቁ ሳቋ አመለጣት። ወሰኑ ግን ፍራሹ ሥር ተንበርክኮ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ጀልባው መጣ፤ ሁለቱም አልተሳፈሩም። ወሰኑ እውነተኛ ሥራ እስኪያገኝ ዓመት ፈጀበት፤ እንቁ ጠበቀችው። ሲጋቡ ሚዜው ሶሬሳ ነበር።

ዛሬም ወሰኑ አዲስ ሰው ባገኘ ቁጥር፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ መጀመሪያ የሚያስተዋውቀው ሶሬሳን ነው። «ይሄ ወንድሜ ነው» ይላል። ይልና አንገቱን ይደፋል።